የአቶ ጉተማ የማታ ቡርቦን

ተሰማ አረቄን አሽትቶ የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ እነግራችኋለሁ ይል የነበረ ሰው ነው፤ ቡርቦን የሚባለውን ግን በዓይኑም አይቶት አያውቅም። እና አሁን በዚህ ዕድሜው፣ ጡረታ ወጥቶ፣ የሰበካ ጉባኤ አባል ሆኖ፣ የትኛው ቡርቦን ለስላሳ ነው እያለ ከጎባ ሮቤ ድረስ ይንከራተታል? ተንከራተተ እንጂ። የልጅ ነገር ምን የማያስደርግ አለ።

ልጁ ሀይሚ ነርስ ናት። ኪሩቤል የሚባል የሮቤ ልጅ ወዳ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሏል። የቀረው የኪሩቤል አባት አቶ ጉተማ ራሳቸው ጎባ መጥተው የሠርጉን ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር። ጭንቁም ያለው እዚህ ላይ ነው። አቶ ጉተማ የሲናናን ስንዴ በመኪና የሚያስጭኑ ነጋዴ ናቸው፤ ኩሩ ናቸው፤ የትልቁን ልጃቸውን እጮኝነት ማዕድ ላይ ያፈረሱ ናቸው። ምክንያቱ ሲጠየቁ «አረቄ አቀረቡልኝ፤ ንቀውኝ ነው» አሉ፤ በቃ። እሳቸው የሚጠጡት ማታ ማታ፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ አንዲት ብርጭቆ ቡርቦን ነው። ይህን የነገረችው ሀይሚ ናት። «አባዬ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ እንዳይቀርብኝ» አለችው።

አረቄ ደግሞ በተሰማ ቤት ድሮውንም የለም። ማለት፣ ነበረ። ሚስቱ ወለተኢየሱስ የምታወጣው አረቄ ጎባ ውስጥ የታወቀ ነበር። ሁለት ጊዜ ታወጣዋለች፣ የሐረና ማር ጠብ ታደርግበታለች፣ ከዲንሾ ሜዳ የተለቀመ ጦስኝ ታሳድርበታለች። ተሰማ ለሰበካ ጉባኤ የተመረጠ ሰሞን ግን አንዱ በእድር ስብሰባ ላይ «የአረቄ ሻጯ ባል ምን ይላል?» ብሎ አሳቀበት። ተሰማ ቤቱ ገብቶ ማውጫውን እንስራ አንስቶ ግቢው መሐል ከሰከሰው፤ አረቄው የሚወርድበትን መቃም እሳት ውስጥ ጨመረው። ወለተኢየሱስ ስብርባሪውን ለቅማ ጓሮ ጣለችው። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው፤ በዚያ ቤት ስለ አረቄ ተነስቶ አያውቅም። የሀይሚን የኮሌጅ ክፍያም አዲስ አበባ ያለው የወለተኢየሱስ ወንድም ሸፍኖታል። ተሰማ ዘመን በተለወጠ ቁጥር ስልክ ደውሎ ይመርቀዋል፤ ሰውየውም አሜን እያለ ይቀበላል።

ሮቤ ላይ አቤሴሎም የሚባል ባለ ግሮሰሪ ቡርቦን አለው አሉት። ተሰማ መደርደሪያው ፊት ቆሞ ጠርሙሶቹን ሲያይ ሁሉም አንድ ሆኑበት።

«ለማታ የሚሆን ለስላሳ ቡርቦን ፈልጌ ነበር» አለ፣ የለመደ ሰው ለመምሰል እየሞከረ።

አቤሴሎም ምላሱ የተባ ነጋዴ ነው። «አባባ፣ ቡርቦን ማለት ከበቆሎ የሚወጣ የአሜሪካ ውስኪ ነው። አንዳንዱ ጉሮሮ ይቧጭራል። እርስዎ የሚፈልጉት ቀስ እያሉ የሚጎነጩትን ነው፤ ጣፈጥ የሚል፣ ደረት ላይ ሲደርስ የሚሞቅ። እነዚህን ይተዋቸው፤ እነዚህ ለማሳያ ናቸው። እኔ ለደንበኛ ከውስጥ ነው የማወጣው።» ገብቶ አንድ ጠርሙስ ይዞ ወጣ። «አቶ ጉተማን ያውቋቸዋል? የስንዴ ነጋዴው። እሳቸው ከዚህ ሌላ አይቀምሱም።»

ተሰማ እግዜር ራሱ እጁን ይዞ ያመጣው መሰለው። ዋጋው ቢወደድበትም አልተከራከረም። ጠርሙሱን በጋቢው ጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጎባ ገባ። ወለተኢየሱስ ጠርሙሱን አገላብጣ አየችና «የፈረንጅ ነገር ማማሩ» ብላ ቁም ሳጥን ላይ አኖረችው።

እሑድ አመሻሽ ላይ አቶ ጉተማ ከኪሩቤል ጋር መጡ። «አከም ጅርቱ፣ አከም ጅርቱ» እያሉ ገብተው ከሶፋው መሐል ተቀመጡ። ጥብሱን በሉ፣ አመሰገኑ፣ ፊታቸው ግን ገና አልተፈታም። ተሰማ ጠርሙሱን ሲያወጣ ነው ከንፈራቸው ፈገግ ያለው።

«ይሄንን ማን ነገርዎት?»

«እንዲሁ ለስላሳ ነው ሲሉ ሰምቼ» አለ ተሰማ።

ክዳኑን ከፈተ። እንግዲህ በዚያ ቤት የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም፤ ጠላም ይሁን ጠጅ ያው ነው። የአባቱ ደንብ ነው። የፈረንጅ መጠጥ ነው ብሎ ይተወው? አልተወውም። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ላሰው።

ጦስኝ።

መጀመሪያ የመጣለት ጦስኝ ነው። ከኋላው ማሩ መጣ፤ የሐረና ማር፣ ያ ትንሽ መረር የሚለው። ከዚያ ሁለት ጊዜ የወጣ አረቄ ሙቀት ወደ ደረቱ ወረደ። ቀለሙ የተቃጠለ ስኳር ነው፤ ሌላው ሁሉ ግን የገዛ ቤቱ ነው። ሠላሳ ዓመት የጠጣውን፣ ስድስት ዓመት በሕልሙ እንኳ ያላየውን፣ ምላሱ እንዴት ይረሳዋል? ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ወለተኢየሱስ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ዲንሾ ትሄዳለች፤ ሶረቲ የምትባል ጓደኛዋ ታማብኛለች ትላለች። ስትመለስ ነጠላዋ ጭስ ጭስ ይላል። ተሰማ የደጋ ብርድ ነው፣ እሳት ሲሞቁ ውለው ነው ይል ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልሞተች፣ ያልዳነች በሽተኛ ምን ዓይነት ናት ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀም። ጅል።

አቶ ጉተማ ግን ብርጭቋቸውን አስቀድተው፣ ተጎንጭተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ለዚህ ነው አረቄ የማልወደው» አሉ። «ይሄን የለመደ ጉሮሮ አረቄ እንዴት ይወርድለታል?»

ተሰማ ምን ይበል? ቢናገር ሰውየው በገዛ አፋቸው ይዋረዳሉ፤ ሠርጉም ያከትማል። ዝም ቢል ልጁን በሐሰት ሊድር ነው። ሚስቱን ጠራት፣ መዳፏን ያዘና ከጠርሙሱ ጠብ አደረገላት። «ቅመሺ» አላት።

ቀመሰች። ደሟ ከፊቷ ሲወርድ አየው። አረቄዋ ቡርቦን ተብሎ እንደሚሸጥ እሷም አላወቀችም ነበር። ዲንሾ ሶረቲ ቤት የምታወጣውን አረቄ በጄሪካን የሚወስድላት የሮቤ ነጋዴ የት እንደሚያደርሰው ጠይቃ አታውቅም። በበሩ በኩል ሀይሚ ትሪ ይዛ ቆማለች።

«እንዴት ነው ታዲያ?» አሉ አቶ ጉተማ። «ጥሩ ምርጫ አይደለም?»

ወለተኢየሱስ መዳፏን በነጠላዋ ጠረገች። «አቶ ጉተማ፣ እኔ ዘመድ የምሆንን ሰው አላታልልም» አለች። «ይሄ ቡርቦን አይደለም። አረቄ ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማሩም ጦስኙም የኔ ነው። ጠርሙሱን አላውቀውም።»

ኪሩቤል አባቱን ማየት ፈራ። አቶ ጉተማ ብርጭቆውን አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ እንደገና አሸተቱ፤ ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

«ለሮቤ ነጋዴ መሸጥ ከጀመሩ ስንት ዓመት ሆነዎት?»

«ስድስት።»

«እኔም ይሄን መጠጣት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው» አሉ። አረቄ ቀረበልኝ ብለው የትልቁን ልጃቸውን እጮኝነት ያፈረሱት አምና ነው። ቀና ብለው ሀይሚን አዩዋት። «ልጅቷንም ይሄንኑ አስተምረዋታል?»

«አረቄ ማውጣት አላስተማርኳትም» አለች ወለተኢየሱስ። «በአረቄው ነው ነርስነት ያስተማርኳት።»

ሀይሚ ትሪውን መሬት ላይ አኖረችው። ተሰማ ስንት ጊዜ ስልክ ደውሎ የመረቀው የሚስቱ ወንድም ትዝ አለው፤ ክፍያው ከእሷ እጅ ከወጣ ያ ሁሉ ምርቃት ማንን ማግኘት ነበረበት?

አቶ ጉተማ ብርጭቋቸውን እስከ ታች ጠጡና ወደ ወለተኢየሱስ ዘረጉት፤ ቀዳችላቸው። «ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን» አሉ። «መጠጡን ግን ከዚያ ሌባ ባለ ግሮሰሪ አንገዛም። እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ዓይናችን እያየ ይውጣ። እንስራ አላችሁ?»

ተሰማ ወደ ግቢው መሐል ተመለከተ።

«ነበረን» አለች ወለተኢየሱስ። «ከእጄ ወድቆ ተሰበረ።»

«ሌላ እናመጣለን» አሉ አቶ ጉተማ።

ተሰማ አንገቱን ደፍቶ መዳፉን ያያል። የጦስኙ ሽታ ገና አልለቀቀውም። ሚስቱ አጠገቡ ቆማለች፤ ቀና ብሎ ሊያያት ግን አልቻለም።