ሰፊው መስታወት

ጋሽ መቀስ ፀጉር ቤት ሰው የሚመጣው ወሬ ሊሰማ ነው፤ ፀጉሩ እግረ መንገዱን ይቆረጣል። በሳምንት ሦስቴ የሚመላለስ ራሰ በራ ደንበኛ ነበረው ቢባል እንኳ የሚከራከር አይገኝም።

ጋሽ መቀስ ቆጥቦ አይዋሽም። ትንሽ ውሸት ለሌባ ነው ይላል፤ ጨዋ ሰው ከዋሸ አገር የሚያየው ውሸት ይዋሻል። የውሸቶቹ ሁሉ አውራ የአያቱ ፍየል ነበረች። ፍየሊቱ ለጋ ዛፍ ላይ ወጥታ ቅጠል ስትቀነጥስ፣ ሆዷ አልጠግብ ብሎ እዚያው ታድራለች። ዛፉ ያድጋል፣ እሷም አብራው ከፍ ትላለች። ደመና ሲነካ እሷም እላይ ወለደች። አያት ከታች ባልዲ ይዘው ይጠብቃሉ፤ ግልገሉ ጠብቶ የተረፈው ወተት ሲንጠባጠብ፣ ከመንገዱ ርዝመት የተነሳ እየረጋ፣ ባልዲው ውስጥ እርጎ ሆኖ ያርፋል።

ግራ የሚያጋባው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳቁ በቦታው አይመጣም። እርጎው ጋ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ሲያሽሞነሙነው የኖረው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ዝም። አያቱ አርጅተው፣ ማታ ማታ አንገታቸውን ወደ ላይ ሰቅለው "ደህና እደሪ ልጄ" የሚሏት ጋ፣ እሱን ራሱን የሚያሳዝነው ቦታ ሲደርስ ግን፣ ከኋላው አግዳሚው ላይ የተደረደረው ሰው በሳቅ ይፈርሳል። መጀመሪያ ሰዎቹ ተሳስተው ነው አለ። ቀጥሎ ታሪኩ ተሳስቶ ነው አለ። የአያቱን እርጅና ወደ መጀመሪያ አመጣው፤ ሳቁ ተከትሎት መጣ። ወደ መጨረሻ ወሰደው፤ እዚያም ደረሰበት።

ዞር ብሎ እንዳያይ እጁ ላይ መቀስ፣ መቀሱ ሥር ደግሞ የሰው ጆሮ አለ። መስታወቱም አርጅቶ ጠቋቁሯል፤ ደህና የቀረችው መሃሉ ላይ የደንበኛው ፊት የሚታይባት፣ ሰሃን የምታህል ቦታ ናት።

አንድ ቀን ልጁ መጣች።

"አባዬ፣ ቅዳሜ የእጮኛዬ አባት ሊቆረጡ ይመጣሉ።"

"ይምጡ። ፍየሊቱን አወራላቸዋለሁ።"

"ፍየሊቱ ትቅርብህ። ሰውየው ከምን ዓይነት ቤት ጋር እንደሚዛመዱ ሊያዩ ነው የሚመጡት። መሳቂያ ከሆነ ሰው ጋር አልዛመድም ብለዋል።"

"ታዲያ እኔን ምን አገባኝ? እኔ አሳቂ ነኝ እንጂ።"

"ሲስቁ አይተሃቸው ታውቃለህ?"

"ጆሮ የለኝም እንዴ?"

ልጅቷ የምትለው ነበራት፤ ዋጠችው። "በል ቢያንስ ይሄን መስታወት ቀይረው" ብላ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን መስታወት ተሰቀለ። ሰውየው መጡ። ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና የነዱ ሹፌር ናቸው፤ ሳቅ በፊታቸው ካለፈ ዘመን ሆኖታል። ሰላምታ ሰጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አግዳሚው እንደ ወትሮው ሞልቷል። ዳር ላይ የጋሽ መቀስ ሚስት ታናሽ ወንድም ፌንጣ ተቀምጧል፤ ሥራ ፍለጋ በወጣ ቁጥር ፀጉር ቤቱ ጋ ሲደርስ የሚደክመው ፌንጣ።

ጋሽ መቀስ ጨርቁን አሰረላቸውና ጥቂት እንደቆረጠ አልቻለም፤ ፍየሊቱን ዛፍ ላይ አወጣት። እርጎው ጋ ደረሰ። ሹፌሩ ዝም። አያቱ ጋ ደረሰ፣ አንገቱን እንደሳቸው ሰቀለ፤ ከኋላው ሳቁ ፈነዳ። ለካ ይሄ ሰፊ መስታወት ሁሉን ያሳያል ብሎ ቀና አለ።

መስታወቱ ውስጥ ሁለት ጋሽ መቀስ ነበሩ።

መጀመሪያ አዲስ መስታወት ሰው ያባዛል እንዴ አለ። ቀጥሎ ሁለተኛውን አስተዋለው። ፌንጣ ነው። ከአግዳሚው ተነስቶ ከጀርባው ቆሟል። በሁለት ጣቱ አየር ይቆርጣል፣ አንገቱን ውሃ እንደዋጠች ዶሮ ወደ ላይ ሰቅሏል፣ ከንፈሩን አጣሟል፣ መቀመጫውን በመቀሱ ምት ያወዛውዛል። አግዳሚው ላይ ያሉት እጅጌያቸውን ነክሰው እንባቸው ይወርዳል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ጀርባስ? ጀርባ ከባዳም ባዳ ነው። ያ ሁሉ ሳቅ፣ ታሪኩን ያገላበጠለት፣ አያቱን ከፊት ወደ ኋላ ያመላለሰለት ሳቅ፣ አንድም ቀን ለእሱ መጥቶ አያውቅም ነበር። መቀሱ ቆመ። ዓይኑ ከሹፌሩ ዓይን ጋር መስታወቱ ላይ ገጠመ፤ ከኋላ የሚመጣውን በመስታወት ሲያዩ የኖሩ ሰው፣ ሁሉንም አይተዋል።

"ከዚያስ?" አሉ ሹፌሩ።

"አለቀ።"

"እንዴት ያልቃል? ፍየሊቱ ዛፍ ላይ ናት እኮ።"

ጋሽ መቀስ ዞረ። ፌንጣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፤ ከተወለደ ጀምሮ የተነሳ አይመስልም።

"ተነስ።"

"ምን አጠፋሁ ጋሼ?"

"ና እዚህ፣ ፊቴ ቁምና ድገመው።"

"ምኑን?"

"እኔን።"

ፌንጣ ሰዎቹን አየ። ሰዎቹ ጫማቸውን አዩ። "ቀልድ እኮ ነው ጋሼ። ሰው ይሳቅ ብዬ ነው።"

"እኔስ ሰው አይደለሁም? እኔም ልሳቃ። ይሄን ሁሉ ዘመን ስትስቁ ድርሻዬ የት ሄደ?"

ፌንጣ ሁለት ጣቱን አነሳ። አንገቱን መስቀል ጀመረ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ያው ጣት፣ ያው አንገት ነው፤ ባለቤቱ እያየው ግን ማንም ጥርሱን አላሳየም።

"እኔ እንኳን ስዋሻችሁ ፊት ለፊት ነው" አለ ጋሽ መቀስ። ተመልሶ መቀሱን አነሳ። ከንዴቱ የተነሳ የሹፌሩን የጆሮ ግንድ ፀጉር አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጎ ጨረሰ። ሹፌሩ በር ላይ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ "ፍየሊቱስ?" አሉ።

"ዛሬ አትወርድም።"

ምንም ሳይጨምሩ ሄዱ።

ማታ ልጁ ጠየቀችው። "ምን አሉህ?"

"ፍየሊቱስ አሉኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ ምን ይላሉ፣ ጆሮ ግንዳቸውን አዛንፌ ልኬያቸው።"

ልጅቷ ራሷን ነቅንቃ ወጣች፤ እሱም ከስድብ ቆጠረው። የፌንጣም ነገር አንገበገበው። እንዳያባርረው የሚስቱ ወንድም ነው። እንዳይመታው እጁ ላይ ያለው መቀስ ነው። ከዚያ በኋላ ፀጉር ቤቱ ፀጉር ቤት ሆነ፤ ሰው መጥቶ ተቆርጦ ይሄዳል። አንዱ ደፍሮ "ጋሽ መቀስ፣ ወሬ ጠፋ እንዴ?" ቢለው፣ "መቀሱን አዳምጥ" አለው። ፌንጣ ግን አልቀረም። የት ይሂድ? አግዳሚው ጫፍ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ትምህርት ቤት እንደተቀጣ ልጅ ይቀመጣል።

ሹፌሩ ፀጉራቸው ሳያድግ ተመልሰው መጡ።

"የሚቆረጥ የለዎትም እኮ" አለ ጋሽ መቀስ፣ ዓይናቸውን ሳያይ።

"ጆሮ ግንዴን አስተካክልልኝ። ለሠርጉ ፎቶ ስነሳ ያዘመምኩ እንዳልመስል።" ተቀመጡ። "ደግሞ ፍየል ዛፍ ላይ ትቶ ከሚያድር ሰው ጋር አልዛመድም።"

ጋሽ መቀስ ጨርቁን ሦስት ጊዜ አስሮ ሦስት ጊዜ ፈታው። ከዚያ ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደታመመ ሰው። ዛፉ አደገ። ግልገሉ ተወለደ። ወተቱ መንጠባጠብ ጀመረ፤ እርጎ ሆኖ ባልዲው ውስጥ ጧ ሲል የሹፌሩ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ከሆዳቸው የወጣ ሳቅ ነበር፣ ጨርቁን ከደረታቸው ያወለቀ። በቦታው መጣ። ጋሽ መቀስ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ሳቅ፣ ልክ በቦታው።

ወዲያው ከኋላው አግዳሚውም ሳቀ። አንገቱ ሳያዘው ቀና አለ።

መስታወቱ ውስጥ ፌንጣ እንደተቀመጠ ነው። እጁ ጉልበቱ ላይ፣ ጥርሱ ወጥቶ፣ በእርጎው ይስቃል። ምንም የለም። ጋሽ መቀስ ዓይኑን ከመስታወቱ ሊያነሳ ፈለገ፣ አልተነሳለትም።

"ከዚያስ?" አሉ ሹፌሩ።

የት እንደደረሰ ጠፍቶት ነበር። "ከዚያማ" አለ፣ አያቱን ሊያመጣ፣ አንገቱን ሊሰቅል። አልሰቀለውም፤ ከሰቀለው ፌንጣ ከዓይኑ ይጠፋል። ዓይኑ መስታወቱ ላይ እንደተተከለ፣ አያቱን አንገታቸውን ደፍተው "ደህና እደሪ" አሰኛቸው።