የጠበበው ቦይ

ደላላው አበጋዝ የፈርሂያን ፓስፖርት በደረት ኪሱ ይዞ መሐሙድ ደጃፍ ተቀምጧል። "ሐሙስ መኪናው ይነሳል። ቪዛው ሳይቃጠል ጅዳ መግባት አለባት" አለ።

መሐሙድ የሟቹ ባለቤቴ የጀላል ታላቅ ወንድም ነው፤ ፈርሂያ ደግሞ የመሐሙድ ልጅ። ከጅዳ ለዕረፍት ብላ ስትመለስ ቀኝ እጇ አልፎ አልፎ ይከዳት ጀምሮ ነበር። የያዘችው ብርጭቆ ይወድቃል፤ ቃል ከአፏ ይጠፋና ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። እዚያ ሳለች ሐኪሞች ከጆሮዋ ከፍ ብሎ መሣሪያ አስጠግተው በአንጎሏ የደም ሥር የሚያልፈውን ደም ፍጥነት ለክተውላታል። በግራ በኩል ያለው ከቀኙ እጅግ ይፈጥናል።

"አየሽ አይደል?" አለኝ አበጋዝ። "ደሟ ይጋልባል! የበሽተኛ ደም ይጎተታል እንጂ ይሮጣል?"

"የለኩት ፍጥነቱን ነው፤ የሚደርሰውን የደም መጠን አልለኩም። የደም ሥሩ ጠቦ ከሆነ..."

"እሰይ! መካነ ሰላም ፊዚክስ የሚያስተምር ሁሉ ሐኪም ሆነላችሁ!"

መሐሙድ ሳቀ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አስያ፣ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ። ሰውን ሁሉ እንደ ጀላል ታያለሽ።"

ስለ ጀላልም ደሙ ፈጣን ነው፣ ደህና ነው ብለውን ነበር። ከዚህ በላይ አልናገርም።

"ሐሙስ አትሄድም" አልኩ።

"አባቷ እኔ ነኝ!"

"ነዎት ጋሼ። ግን አትሄድም።"

ወዲያው ከታች የሼህ ሙሐሲን ጥሪ ተሰማ። የመሐሙድ የውሃ ተራ ደርሷል። መሐሙድ እየተቆጣ ወረደ፤ እኔ፣ ፈርሂያና አበጋዝም ተከተልነው።

ሼህ ሙሐሲን የመስኖው ውሃ አባት ናቸው። ድርሻን የሚለኩት በሣር ነው። ደረቅ ሣር ቦዩ አፍ ላይ ይጥሉና ከቁርአን ፋቲሓ ይቀራሉ፤ ቀርተው ሳይጨርሱ ሣሩ ማሳው ጫፍ ከደረሰ ድርሻው ሙሉ ነው። ከአባታቸው የወረሱት ልክ ስለሆነ ማንም አይከራከራቸውም፤ ከመሐሙድ በቀር። ከላይ ያለው ጎረቤት ወደ መሐሙድ የሚወርደው ቦይ እንዳይናድ ብሎ ግራና ቀኙን በድንጋይ ካጠበበው ወዲህ ሣሩ እየበረረ ይመጣል፤ የመሐሙድ ነጭ ሽንኩርት ግን እየደረቀ ነው።

ሼሁ ሣሩን ጣሉ። ፋቲሓው ገና ሳይጋመስ ሣሩ ደረሰ።

"ሙሉ ነው" አሉ።

"ሙሉ ከሆነ ሽንኩርቴ ለምን ይሞታል? ወላሂ ይኼ ሣር ይዋሻል!"

"ጋሼ፣ እስቲ ይድገሙት" አልኩት።

"ምኑን?"

"ሣሩ ይዋሻል ያሉትን። አበጋዝም እንዲሰማ።"

ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። እኔ ግን አልተውኩትም። ከመሐሙድ ቤት ለሁለት የተቆረጠ በርሜል አስመጣሁ፤ አንዱን ግማሽ የእሱ ቦይ ከእርከኑ በሚወድቅበት፣ ሌላውን ሰፊው የጎረቤት ቦይ በሚወድቅበት አስቀመጥን። ሼሁ ለሁለቱም ሣር ጣሉ። የጠበበው ቦይ ሣር ቀደመ። በሰፊው ቦይ የመጣው እየተንቀራፈፈ ነበር፤ በርሜሉ ግን ሞልቶ ሲፈስ የመሐሙድ ገና አልተጋመሰም።

የአባቷን ግማሽ በርሜል የያዘችው ፈርሂያ ነበረች። መሐሙድ ቀና ሲል ቀኝ እጇ ተዝለፍልፎ ተንጠልጥሏል፤ በርሜሉን ማንም ሳይነግራት በግራዋ ይዛዋለች።

"ሣሬ አልዋሸም" አሉ ሼህ ሙሐሲን፣ ቅር ብሏቸው። "ፈጠንኩ አለ እንጂ ሞላሁ መች አለ?"

"እንግዲህ የሴት ልጅ ጭንቅላት የሽንኩርት መደብ ሆነና አረፈው!" አለ አበጋዝ።

ፈርሂያ ለመመለስ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልመጣላትም። ሁላችንም ጠበቅናት። ቆይቶ መጣ።

"አልሄድም፣ አባዬ።"

መሐሙድ እጁን ለአበጋዝ ዘረጋ። "ፓስፖርቱን ወዲህ በል።"

"ቪዛው ይቃጠላል!"

"ይቃጠል።"

ሐሙስ ጠዋት ፈርሂያና እኔ በደሴ አድርገን አዲስ አበባ የአንጎል ሐኪም ዘንድ ልንሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። መሐሙድ በመስኮቱ በኩል ጠጋ አለ።

"ያም ሐኪም ደህና ናት ቢልስ?"

"ምኑን እንደለካ እጠይቀዋለሁ" አልኩት።