በዚያ ብሩሽ አይደለም

የሽቦ ብሩሹን የመኪናዋ ቸርኬ ላይ ልታሳርፍ ስትል ከኋላዋ ጩኸትም ማቃሰትም የመሰለ ድምፅ ሰማች። ባሏ ነው። በረንዳው ላይ ካስቀመጠችው ወንበር ወደ ፊት ተስቦ ግራ እጁን ያወናጭፋል፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«በዚያ... በዚያ ብሩሽ አይደለም!»

ሴትየዋ ብሩሹን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ስትሮክ መትቶ ቀኝ ጎኑን ከጣለው ወዲህ ከአፉ የሚወጣው «እሺ» እና «ተይው» ብቻ ነበር። ሾርባውን ስታቀርብለት «ተይው»፤ ንግግር የምታለማምደው ባለሙያ ስትመጣ «ተይው»። ትናንት ታላቅ ወንድሙ መጥቶ «ለመኪናዋ ገዢ አግኝቻለሁ፤ ነገ ይዤው እመጣለሁ» ሲለው ደግሞ «እሺ» አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ተኛ። ያቺ እሺታ ናት ሴትየዋን ያነደደቻት። ጠዋት ምንም ሳትነግረው ደግፋ በረንዳው ላይ አስቀመጠችው፤ አሮጌ ቱታውን ለብሳ፣ ባልዲ ይዛ ወደ መኪናዋ ወረደች።

«በምንድነው ታዲያ?» አለችው።

በአገጩ መደርደሪያውን አሳያት። ለስላሳ ብሩሽ፣ እጀታው በሥራ ብዛት የነጣ።

መኪናዋ ቀይ ናት፤ ባለ ሁለት ወንበር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው ስፖርት መኪና። ተጋጭታ ጋራዥ ጥግ ላይ ከተጣለችበት አንስቶ፣ ከቶርኖ ሥራው በተረፈው ሰዓት ዓመታት ደክሞባት ነፍስ የዘራባት እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቸርኬዎቿን ሲወለውል ምሳ እንኳ ይረሳ ነበር። ሚስቱ የተማሪዎች ሚኒባስ ሾፌር ናት፤ ልጆቹ «እትዬ ክላክስ» ይሏታል። የዚህችን መሪ ግን አንድም ቀን ጨብጣ አታውቅም። «ይህቺ ለሚኒባስ እጅ አትሆንም» ይላት ነበር። ስቃ ታልፈው ነበር እንጂ ነገሩስ ሆዷ ውስጥ ነበር።

ቸርኬውን በውሃ አራሰችው፤ ማጽጃውን ረጨችበት። የፍሬኑ ብናኝ እየለቀቀ እንደ ቀለም ጠቁሮ ወረደ። በብሩሹ በዘንጎቹ መካከል እየገባች ፈተገች፤ አጠበች፤ በጨርቅ አደረቀች። ወደ ሁለተኛው ልታልፍ ስትል፣

«ውስጡን!» አለ። «ከኋላው... ውስጡን አልነካሽም።»

«ውይ! ዛሬ ደግሞ ምላስህ ተፈታልህ?»

ዓይኑን ከእጇ ላይ አልነቀለም።

አራቱንም ጨርሳ ወደ ኋላ ዞረች። ሁለቱ የማርሚታ አፎች፣ የጭሱ መውጫዎች፣ ጥላሸት ጠጥተው የከሰል ምድጃ መስለዋል። ጎንበስ አለችና፣ አሁንስ ሆን ብላ፣ ያንን የሽቦ ብሩሽ አነሳች። በጎን አየችው።

«አንቺ ሴትዮ! ልትቧጭሪው ነው?»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እሱም መሸወዱ ገባው መሰል፣ ደህነኛው የአፉ ጎን ተንቀሳቀሰ። በለስላሳ ጨርቅና በፖሊሽ እያሸች ጥላሸቱን አስለቀቀች፤ ብረቱ መስታወት ሲመስል፣ እሱ ሲያደርግ እንዳየችው ሰም ቀባችው።

«ሰሙ ለምንድነው?»

«ጥላሸቱ... ብረቱን እንዳይዝ። በኋላ... በቀላሉ ይለቃል።»

ይህን ሁሉ ቃል በአንድ ጊዜ መናገሩ ራሱንም የገረመው ይመስል ግራ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

የግቢው በር የተከፈተው ያኔ ነው። ዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ገዢውን አስከትሎ ገባ። ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መኪናዋን ዞረ፤ ፊት ለፊት ቆመና ጫማውን ከነአቧራው ገና አሁን በታጠበው ቸርኬ ላይ አሳርፎ ወዝወዝ አደረጋት።

«እግርህን አውርድ!»

ሰውየው እንደተቃጠለ እግሩን ሳበ። ዋርሳዋም የወንድሙን ድምፅ ማመን አቅቶት ወደ በረንዳው ዞረ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ቶሎ ብሎ በእጅጌው ጠረገው።

«ተመስገን ነው ወንድሜ... ተመስገን። ግን የተጀመረውን እንጨርስ። ቁልፉን አምጪ ልጄ።»

«አላመጣም፣ ጋሼ።»

«እሱ ራሱ እሺ ብሏል እኮ!»

«ተስፋ ቆርጦ ያለውን እሺ፣ እሺ ብለው ይቆጥሩታል?»

«ለእኔ ብዬ መሰለሽ? በመስኮት ባያት ቁጥር ይቆስላል! ቆማ እስክትዝግ እያየ ይሙት?»

«እርስዎ ክፉ አላሰቡም፤ አውቃለሁ። ግን ወንድምዎን በቁሙ አይገንዙብኝ።»

ገዢው ሰዓቱን አየ። «ቤተሰብ ሳትስማሙ ሰው አትጥሩ» ብሎ እየተነጫነጨ ወጣ።

ዋርሳዋ እጁን ዘረጋ። «እሺ፣ አልተሸጠችም እንበል። ማን ሊነዳት ነው?»

«እኔ።»

ከበረንዳው ወዲያው መልስ መጣ፤ «አይሆንም! ማርሹን... ትፈጪዋለሽ።»

«እፈጨዋለሁ!» አለች ዞር ብላ። «አጠገቤ ተቀምጠህ ስደበኝ። እቤት ተኝተህ ግን አትከለክለኝም።»

ቁልፉን ከቱታው ኪስ አወጣች። በሩን ከፍታ መሪው ኋላ ገባች፤ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበችው። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ።

ባሏ ምርኩዙን ፈልጎ ብድግ አለ። ዋርሳዋ ሊደግፈው ሮጠ፤ «ተወኝ» አለው። ደረጃዋን በጎኑ ወረደ። ቀኝ እግሩን እየጎተተ መኪናዋን ተደግፎ ዞረ። ምርኩዙን ጣሪያዋ ላይ አጋደመና በግራ እጁ የተሳፋሪውን በር እጀታ ያዘ። እጀታው አመለጠው። እንደገና ያዘው፤ እንደገና አመለጠው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

ሴትየዋ ከውስጥ ልትከፍትለት እጇን ዘረጋች። ከዚያ መልሳ መሪው ላይ አኖረችው፤ ሞተሩን ሳታጠፋ ጠበቀችው።