ባለ አራት ቁጥሯ

አያት የልጅ ልጃቸውን ክንድ ጨበጥ አድርገው የሽልማቱ አዳራሽ በር ላይ አስቆሟት።

"ያቺን ረጅሟን አየሻት? ቅልጥምሽን ያለችሽ እሷ አይደለችም?"

ሚጡ ሳቀች። "እቴቴ፣ ጨዋታ ነበር እኮ።"

አያት ግን ዕድሜ ልካቸውን በመዋዕለ ሕፃናት ሞግዚትነት የወደቀ ሲያነሱ፣ የተላጠ ጉልበት ሲያጥቡ የኖሩ ናቸውና በልጅ እግር ቀልድ አያውቁም። የተጋጣሚው ቡድን ተከላካይ፣ ያቺ ባለ አራት ቁጥር፣ ሚጡን ጥላት፣ ሚጡ ስንት ሳምንት ስታነክስ ያመሸችው ያነጋችው እሳቸው ፊት ነው። ስለዚህ ሚጡ ለዓመቱ ምርጥ ወጣት ሴት ተጫዋች ከታጩት ሦስቱ አንዷ መሆኗን ሲሰሙ እልል አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ለእናቷ ቁርጡን ነገሯት። ሽልማቷን ትቀበልና ኳሱ ይብቃት፤ ሰው በክብሩ ሳለ ሲተው ነው የሚያምርበት። እናትየው፣ እኔ አፍ የለኝም፣ ራስሽ ንገሪያት ብላ ሸሸች። አያትም ዛሬ ቤት ሲመለሱ ሊነግሯት ቆርጠው ነው የመጡት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ወንበር ጠቦ ኖሮ አስተናጋጁ ባለ አራት ቁጥሯን አምጥቶ እሳቸው ጎን ሻጠባቸው። ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። የአያት ሆድ ግን ነገር አያሳድርም።

"የኔ ልጅ እግር ምን በደለሽ?"

"እማማ፣ ምን ላድርግ፣ ሮጬ አልደርስባት አልኩ" አለች ልጅቷ ሳትደናገጥ። "የምንመታው እኮ ያቃተችንን ነው፤ ደካማዋንማ ማን ዞር ብሎ ያያታል? ለሽልማቱ ድምፅ የምንሰጠውም እኛው ተጋጣሚዎቿ ነን። እኔ የመረጥኩት እሷን ነው።"

ሚጡ አንገቷን ደፋች።

ውጤቱ ሲነገር አንደኛ የወጣችው አንዲት በረኛ ሆነች። ሚጡ ሦስተኛ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ከሁሉ ቀድማ የቆመችው ሚጡ ነበረች፤ አያት እጃቸውን ከጭናቸው አላነሱም።

"ሦስተኛ? ሰዎቹ ዓይን የላቸውም እንዴ?" አሉ፣ የፊተኛው ጠረጴዛ ዞሮ እስኪያያቸው ድረስ።

ሚጡ በረኛዋ ስንት ኳስ እንዳዳነችባት እየሳቀች ነገረቻቸው። "ይገባታል፣ እቴቴ። ከርሞም ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል። ያኔ እወስደዋለሁ" አለች፣ ዳቦ ልትገዛ የተላከች ያህል ተረጋግታ።

አያት ያንን ድምፅ አወቁት። ሲናደዱም ሲቆርጡም የራሳቸው ድምፅ ነው። ደግሞስ ሦስተኛ ወጥታ ብትተው ምን ሊባል ነው? ተሸንፋ ገባች። በእሳቸው ዘር ይህ ሆኖ አያውቅም። ቤት ሊናገሩት ያሰቡትን ዋጥ አደረጉና ወደ ባለ አራት ቁጥሯ ጠጋ አሉ።

"ስሚ፣ የኔ ልጅ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያ ካልሲ ውስጥ የሚገባው የቅልጥም መከላከያ ጠንካራው የትኛው ነው? ነገ ገበያ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። የትኛው እንደማያስመታ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?"