ሚዛን ጋ የተነበበ ዝርዝር

ህዳር ስምንት፣ ሰኞ ጧት፣ ነገሩ እንዲህ ነበር። ጅማ ዙሪያ ካሉት የቡና ቀበሌዎች መጥተው ኮሌጁ ከገቡት ሃያ ሦስት ተማሪዎች ዘጠኙ ከክፍል ከጠፉ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። እስከ አርብ አሥር ሰዓት ቀርበው ካልፈረሙ ይሰረዛሉ። በመዝገብ ያዧ በመንበረ ጠረጴዛ ላይ ካለው ዝርዝር፣ ከእያንዳንዱ ስም ፊት፣ የገጠር ተማሪዎች ድጋፍ ቢሮ ኃላፊው አቶ ሽበሺ «ሦስት ጊዜ ተደውሏል፤ አይነሳም» ብለው በቀይ ጽፈዋል።

ቢሮው በር ላይ «ማንም ወደ ኋላ አይቀርም» የሚል ባነር ተሰቅሏል። መንበረ እንደታዘበችው፣ ባነሩ አቶ ሽበሺ ለሥራቸው ከተራመዱት መንገድ ይረዝማል።

«አሁን እኮ የቡና ለቀማ ነው» አለቻቸው። «ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ከየት ይመጣል?»

«እኔ ደውያለሁ። ሪፖርቱ የሚጠይቀው መደወሌን ነው።»

«መስማታቸውንስ?»

«ለእሱ ዓምድ የለውም።»

ከዘጠኙ አንዷ አያንቱ ናት፤ ከክፍሏ አንደኛ። ስትሄድ «አባቴ ወገቡን ታሟል፤ ቡናው ሳይረግፍ ለቅሜ እመለሳለሁ» ብላ ለመንበረ ነግራታለች። የፊርማው ማስታወቂያ የወጣው እሷ ከሄደች በኋላ ነው፤ ያውም ባነሩ ሥር።

መንበረ ለምሳ ስትወጣ ጊንጆ ሰፈር፣ ጎማ ጠጋኝ ቤት ወረደች። ከቀበሌዎቹ እሸት ቡና የሚያመላልሰው የኢሱዙ ሾፌር ሙርሺድ እዚያ ጎማ ያስለጥፋል። የዘጠኙን ስምና የፊርማውን ቀን የጻፈችበትን ወረቀት ሰጠችው።

«ማታ ሁሉም የለቀመውን ሊያስመዝን ሚዛን ጋ ይመጣል አይደል? ጮክ ብለህ አንብብላቸው።»

«ኮሌጁ ሚዛኑ የት እንዳለ አያውቅም እንዴ?»

«ኮሌጁ ባነር ነው የሚያውቀው። ኃላፊው ደግሞ ቁጭ ብሎ መደወል።»

ሙርሺድ ሳቀ። «ቶሌ፣ እሺ እትዬ መንበረ። ኢንሻአላህ ዛሬውኑ ይሰማሉ። ናፍጣውን ግን ያ ደዋዩ ሰውዬ ይሙላልኝ።»

«እሱ ሦስት ጊዜ ይደውልልሃል።»

አርብ ከሰዓት አቶ ሽበሺ አዳራሽ ውስጥ ሪፖርት አነበቡ፤ ሃያ ሰባት ጥሪ ታቅዶ ሃያ ሰባት ተደውሏል፣ አፈጻጸሙ መቶ በመቶ ነው። ተጨበጨበላቸው። ጭብጨባው በቢሮዋ መስኮት ሲገባ መንበረ ሰዓቷን ታያለች። ሰባቱ መጥተው ፈርመዋል፤ አያንቱ ግን አልመጣችም።

ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ልጅቷ ጣቶቿ በቡና ጠቁረው ገባች።

«አባትሽስ?»

«ስሜ ሚዛን ጋ ሲጠራ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። የቀረውን በደቦ እንለቅማለን፣ አንቺ ሂጂ አሉኝ።»

ፈረመች። አሥር ሰዓት ላይ መንበረ መዝገቡን ዘጋች፤ ከዘጠኙ ስምንቱ ፈርመዋል። በስልክ ተጠርቶ የመጣ አንድም የለም።