በዘይት ወረቀት የተሠራው ፊልም

ሸጋዬ ከገበያው ዳር ያለው የድንጋይ ካብ ላይ ወጥታ፣ የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ በአንድ እጇ ይዛ፣ "ዕድሜያችሁ ከአሥራ አራት እስከ ሃያ የሆናችሁ ወጣቶች በሙሉ" ብላ ገና ሳትጨርስ የመካነ ሰላም ገበያ ተተራመሰ። ጎረምሳ የተባለ ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ። በግ ተራ የነበሩት ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ጨው ተራ የነበሩት በሴቶቹ መካከል እየተሽሎከሎኩ ጠፉ፤ አንዱማ ሌላ መላ ቢያጣ ባሕር ዛፍ ላይ ወጣ። እሷ ዓይኗ የያዘችው ወረቀት ላይ ነበርና ይህን ሁሉ አላየችም። "እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በትምህርት ቤቱ ትልቁ ክፍል እንድትገኙ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ብላ ቀና ስትል ገበያው ላይ የቀሩት እናቶች፣ ሽማግሌዎችና በጎች ብቻ ነበሩ።

"ደሞ የት ልትወስዷቸው ነው ልጄ?" አሏት አንዲት ገብስ ሻጭ።

"የትም እትዬ። ፊልም ልናሳያቸው ነው።"

"አዬ፤ ያን ጊዜም ስብሰባ ነው ነበር የተባልነው" አሉና ሴትዮዋ ፊታቸውን አዞሩባት።

ከሸሹት አንዱ ደግሞ የገዛ ወንድሟ አምባቸው ነበር። የተሸከመውን የሰው ስንዴ መንገዱ መሃል ጥሎ ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ሲበር ጀርባውን ብቻ አየችው። ወይ መከራ! ያ ሁሉ ድካም፣ ያ ሁሉ ሥዕል ለማን ሆነና።

ጊዜው ጥቅምት ሰባ ዘጠኝ ነበር። ድርቁ አልፏል፣ ገብሱም ዘንድሮ ደህና ይዟል፤ ሰዉ ግን ገና ልቡ አልተመለሰም። ለብሔራዊ ውትድርና የሚታፈሰው ጎረምሳ ዕድሜው ሳይሆን ቁመቱ እየታየ ነው ይባል ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ሰፈራ ነበር። ሁለቱም የሚጀምሩት በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ "ወጣቶች በሙሉ" እና "እንድትገኙ" በሚሉት በነዚያው ቃላት ነው። ሸጋዬ ይህን አጥታው አይደለም። ግን በዚያን ዘመን በድምፅ ማጉያ ያልተነገረ ነገር እንደተነገረም አይቆጠርም ነበርና ሰዉ ስለ ፊልማችን ይሰማልናል ብላ ማጉያውን ሄዳ ለምና አመጣችው። ማስታወቂያ የሚጻፈውም በአንድ ዓይነት ቋንቋ ብቻ ይመስላት ነበር።

ፊልም ሲባል ደግሞ እውነተኛው ሲኒማ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ ደሴ ወርዶ ሲኒማ ያየው ፈንታሁን የሚባል የክፍሏ ልጅ ነው ነገሩን ያመጣው። ነጭ ወረቀት ጫፍ ለጫፍ በሊጥ አጣብቀው እንደ ቡልኮ ረጅም አደረጉት፤ ሸጋዬ በቀለምና በከሰል ሥዕሉን ሣለችበት፤ ከዚያ ብርሃን እንዲያሳልፍ ዘይት ቀቡት። ፈንታሁን ወረቀቱን በሁለት በትር ላይ ጠቅልሎ የበር ያህል ስፋት ባለው የእንጨት ፍሬም ውስጥ አስገባው። ከኋላ ማሾ ሲበራና በትሩ ሲሽከረከር ሥዕሎቹ በጨለማው ውስጥ እየበሩ ተራ በተራ ያልፋሉ። ታሪኩን የምታነበው ሩቂያ ናት። የባለሱቁ የጋሽ አህመድ ልጅ ስትሆን፣ የሕፃን፣ የሽማግሌና የፍየል ድምፅ ታወጣለች።

ታሪኩ የአንዲት ረጅም ልጅ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ትምህርቷን ትታ ቤተሰቧን ይዛ ወደ እርዳታ ጣቢያ የወረደች፣ ስትመለስ አድጋ የመጣች፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠች። ማን እንደሆነች ከተማው በሙሉ ያውቃል። ሸጋዬ ናት።

እንደ እሷ ድርቁ ከትምህርት ያስቀራቸው ጎረምሶችና ኮረዶች ግን አልተመለሱም። ከታናናሾቻቸው ጋር ከሚቀመጡ ገበያ ላይ መሸከሙን መረጡ። መምህር ብዙነህ ነገሩ ከንክኗቸው፣ አስተዳደሩን ለምነው ለትልልቆቹ ብቻ የሚሆን የከሰዓት ክፍል አስከፈቱ። ተማሪ ግን አጡ። ምዝገባው ሰኞ ያበቃል፤ እስከዚያ ክፍሉን የሚሞላ ካልመጣ ይታጠፋል። ከታጠፈ ደግሞ አምባቸው ዕድሜ ልኩን የሰው ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል። ሸጋዬን እንቅልፍ የነሳት ይኼ ነው።

አመሻሹ ላይ አምባቸው ሱሪው በእሾህ ተተልትሎ ተመለሰ። ድምፅ ማጉያውን የያዘችው እህቱ መሆኗን ሰምቶ ኖሮ ከእናታቸው ፊት ራቅ ብለው ውጭ ሲወጡ አፈረጠው።

"አንቺም ከእነሱ ገባሽ?"

"ፊልሙን እንድታዩ ብዬ ነው እኮ።"

"እኔ ምን ቸገረኝ፣ ቤት ታሳዪኝ የለም ወይ?"

"አንተን ብቻ ባሳይህስ ሰኞ ትመዘገባለህ?"

አምባቸው ረጅም አንገቱን አቀረቀረ። "ስሚኝ ሸጋዬ፣ ብቻዬን ሄጄ ብመዘገብና ሌሎቹ ቢቀሩ፣ ክፍሉ ይታጠፍና እኔን አራተኛ ክፍል ከጩጬዎቹ ጋር ይወረውሩኛል። ባለፈው ዓመት በየማታው ስታለቅሺ እሰማሽ ነበር። እኔ አልችለውም።"

ልጁ እውነቱን ነው። አንዱ እንዲመጣ ሁሉም መምጣት አለባቸው፤ ሁሉም እንዲመጡ ደግሞ አንድ ቦታ ተሰብስበው መተያየት አለባቸው። ሰብስቤ ሰብስቤ በገዛ እጄ በተንኳቸው እያለች ተኛች።

በማግስቱ ሩቂያ ነገሩን ከሰማች በኋላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትጨርስ ግን ቁም ነገረኛ ሆነች፤ የነጋዴ ልጅ አይደለች እንዴ።

"ጥፋቱ በነፃ ማድረግሽ ነው" አለች።

"ገንዘብ ከየት ያመጣሉ ብዬ ነዋ።"

"ወላሂ ሸጋዬ፣ ገንዘብ ከፍሎ ገብቶ የታፈሰ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ስብሰባ ነው ነፃ። ሰፈራም ነፃ ነበር። ስሙኒ አስከፍይ፤ ያኔ የቀበሌ እንዳልሆነ ሁሉም ይገባዋል።"

ይህን ያህል ቀላል ነገር ለሸጋዬ እንዴት አልታያትም? ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን ማን ይያዛት። ድምፅ ማጉያውን መለሰች። ከፊልሙ ሥዕሎች መካከል አንዱን ገልብጣ ሣለችና ጋሽ አህመድ ሱቅ በራፍ ላይ ሰቀለችው። ሥዕሉ ላይ አዲስ የመጣ መምህር ከወንበሩ ብድግ ብሎ ለረጅሟ ልጅ እጅ ይነሳል፤ ከሥሩ "እናት፣ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?" ይላል። መልሷ አልተጻፈም። ከዚያ በታች በትልቁ፣ "መግቢያ ስሙኒ። ከሃያ ዓመት በላይ ለሆነው ክልክል ነው" ብላ ጻፈች።

መምህር ብዙነህ አይተውት ግንባራቸውን አከኩ። በአብዮቱ ዘመን ከድሃ ልጅ ስሙኒ መሰብሰብ ምን ያስብላል፣ ለመሆኑ እኔስ ከሃያ በላይ ነኝና ልከለከል ነው ወይ ብለው ጠየቋት። ስሙኒው ለትልልቆቹ ክፍል ጠመኔ ይገዛል፣ እርስዎም እንዳይመጡብኝ አለቻቸው። ሳቁና ተስማሙ። "ሰኞ ግን ሰኞ ነው" አሉ፤ "ከዚያ በላይ አንድ ቀን ላስጨምርልሽ አልችልም።"

ሥዕሉ ሥራውን ሠራ። ጎረምሶቹ በመጀመሪያ ከሩቅ አዩት፣ ከዚያ ጨው የሚገዙ መስለው ቀረቡ። ምን ብላ መለሰችለት ብሎ ለጠየቀ ሁሉ ሩቂያ እስከ ግማሹ ትነግረውና የቀረውን እሑድ ትለዋለች። ክልክል የተባሉት የሃያ አምስት ዓመት ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው ተከራከሯት። ሁለት ቀን ሳይሞላ ከተማው ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞልቶ ነበር። ጆንያ ተሸካሚዎቹ፣ ውኃ ቀጂዎቹ፣ ከማሻ መንገድ የመጡ የገጠር ልጆች፣ ሁሉም ስሙኒያቸውን በመዳፋቸው ይዘው ቆመዋል። የሌለው ሁለት እንቁላል አምጥቷል። አምባቸው ከሁሉም ኋላ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። ሸጋዬ በሩን ከፈተች።

አንድም ሰው አልገባም።

ፈንታሁን ክፍሉን ለማጨለም መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ደፍኗቸው ነበር። በሩ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ፊት የቆመው ልጅ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየና፣ "በሩ የሚቆለፈው በየት በኩል ነው?" ብሎ ጠየቀ። አይቆለፍም አለችው። ልጁ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ የኋላዎቹም አብረውት አፈገፈጉ። ስሙኒ መክፈል እስከ በሩ አመጣቸው እንጂ በሩን አላሻገራቸውም። ጥቂት ቆይተው ቢበተኑ እነዚህን ልጆች ዳግመኛ የሚሰበስባቸው እንደሌለ ሸጋዬ አውቃለች።

"የሚገቡት ይግቡ፣ እንጀምር" አለ ፈንታሁን። "ሌሎቹ ድምፁን ሲሰሙ ይመጣሉ።"

"ማንም አልገባም እኮ። እናውጣው።"

"ምኑን?"

"ፊልሙን። ሜዳው ላይ እናውጣው።"

"በብርሃን? ጨለማውን ለመሥራት ብቻ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል ሸጋዬ። ማሾው በቀን ምን ያሳያል?"

ሸጋዬ ወደ ምዕራብ አየች። የጥቅምት ፀሐይ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ቁልጭ ብላለች። ማሾው ይቅር አለች፤ ፀሐይዋን ከኋላ እናድርጋት። ፈንታሁን አንዴ እሷን፣ አንዴ ሰማዩን እያየ ቆየና እያጉረመረመ ፍሬሙን በአንድ ወገን አነሳ። ጠረጴዛ አውጥተው ሜዳው መሃል አቆሙት። አጥር የለው፣ በር የለው፤ መሮጥ ለፈለገ በአራቱም ማዕዘን መንገዱ ክፍት ነው። ልጆቹ ቀስ እያሉ መጥተው ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

ሥዕሉ እንደ ጨለማው አልደመቀም። ግን ታየ። ዘይት የጠጣው ወረቀት ከኋላው ፀሐይ ሲያርፍበት የማር መልክ ያዘ፤ ልጆቹም ለማየት ሲሉ እየተጠጉ፣ እየተጠጉ ሄደው ጠረጴዛው ሥር ደረሱ። መምህሩ እጅ ሲነሳ በሳቅ ወደቁ። ረጅሟ ልጅ ጉልበቷን አጥፋ ትንሹ ወንበር ላይ ስትቀመጥም ሳቁ። ወደ እርዳታ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ሲመጣ ግን ሩቂያ ምንም ድምፅ ሳታወጣ በዝምታ አሳለፈችው። ያን መንገድ ሁሉም ሄደውበታል።

አንድ ሥዕል ቀረ። ፈንታሁን ፊልም የሚያልቀው በደስታ ነው ብሎ አጥብቆ ስላስሣላት፣ መጨረሻው ላይ ክፍሉ በሙሉ ተነስቶ ለረጅሟ ልጅ ያጨበጭባል። ሸጋዬ በትሩን ልታሽከረክር ስትል አምባቸውን አየችው። ከኋላ የነበረው ልጅ አሁን መሃል ላይ ተቀምጦ፣ አገጩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይጠብቃል። ስታለቅስ የሰማት እሱ ነው። ይህን ሥዕል ቢያይ የቀረውንም ሁሉ አያምንም።

በትሩን ለቀቀችና ከፍሬሙ ፊት ወጣች።

"የሚቀጥለው ሥዕል ክፍሉ በሙሉ ሲያጨበጭብላት ነው" አለች። "አላሳያችሁም፣ ምክንያቱም አላጨበጨቡላትም። እስከ ገና ድረስ ሳቁባት። ከገና በኋላ ሰለቻቸው። እሷ ግን የስድስተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ አሁን ሰባተኛ ናት። ስሙኒዬ ትመለስ የሚል ካለ ሩቂያ ጋ ነው።"

ፈንታሁን ራሱን ያዘ። ከዚያ አንዲት ኮረዳ፣ "ከገና በኋላ ጨርሶ ተዉሽ?" አለች።

"ጨርሰው ባይተዉኝም እኔ መስማት ተውኩ።"

ስሙኒውን የጠየቀ አልነበረም። ልጆቹ ግን አልተነሱም፤ እርስ በርስ እየተያዩ ተቀመጡ፣ አንዱ የአንዱን ቁመት የሚለካ ይመስል። ሸጋዬ ስለ ምዝገባው ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። ፀሐይዋ ባሕር ዛፎቹን ስትነካ አምባቸው አጠገቡ ወዳለው ጨው ተሸካሚ ዞረ።

"ነገ ትሄዳለህ?"

"እኔ እንጃ። አንተ ትሄዳለህ?"

አምባቸው እህቱን አላያትም። ከሱሪው ላይ ሣሩን አራገፈ።

"እኔማ እሄዳለሁ" አለ።

ሸጋዬ እንዳልሰማች ሆና ወረቀቱን መጠቅለል ጀመረች።