የሙዐዊያ በሬዎች

በትምህርት ቤታችን ስልክ ክልክል ነው። ደንቡን ያወጣው ርእሰ መምህራችን አቶ ካሳሁን ነው፤ የተቀሙ ስልኮች የሚታጎሩበት የብስኩት ካርቶንም ጠረጴዛው ሥር አለ። እኔ ደግሞ ወይንሸት እባላለሁ፤ አሥረኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ስለዚህ ስለምነው፣ ስጨቀጭቀው ከርሜ በመጨረሻ "እሺ፣ ግን አንድ ወላጅ ቅር ካለው ስልኮቹ ወደ ካርቶናቸው ይገባሉ" አለኝ።

የፈለግሁት ከባድ ነገር አይደለም። መሬት የሚለካ አፕ አለ። ስልኩን ይዘህ የማሳውን ዳር ዞረህ ስትመለስ ቅርጹን ስሎ ስፋቱን ይነግርሃል። ተማሪዎቼ ያንኑ ማሳ በገመድ ለክተው፣ በሦስት ማዕዘን ከፋፍለው፣ በሄሮን ቀመር አስልተው ከስልኩ ጋር ያስተያዩታል። የሄሮን ቀመር የሦስት ማዕዘኑን ሦስት ጎኖች ካወቅህ ስፋቱን ይሰጥሃል። ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ግማሹ ክፍል ያዛጋል። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ከስድስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ እኔም አዛጋለሁ፣ አልዋሽም።

ማሳ ላይ ግን ማንም አላዛጋም። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳትከር፣ ከሮቢ ወንዝ ወደተጠለፈው ቦይ ወረድን። ሃያ ሰባት ልጅ ስልኩን እያየ በሽንኩርት ማሳ ዙሪያ ሲንከራተት ያዩ ገበሬዎች ሥራቸውን አቁመው ይስቁብን ጀመር።

ለሲሃም፣ ለክፍሉ አንደኛ፣ የደረሳት የጎረቤቷ የእትዬ ናፊሳ ማሳ ነበር። ዞራ መጣችና "ቲቸር፣ ይሄ ስልክ ተበላሽቷል" አለችኝ።

"ምን አለ?"

"ሁለት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ካሬ ሜትር። የእትዬ ናፊሳ ማሳ እኮ ግማሽ ጥማድ ነው፤ ይሄን የማያውቅ የለም።"

እኛ ዘንድ አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ካሬ ሜትር። ስልኩ "ይሄ ሙሉ ጥማድ ነው" እያለ ነው። በገመድ እንድትለካው ነገርኳት። ለካች፣ አሰላች፣ ያው መጣ። እስቲ የእናንተን አልኳት። ሁለት ጥማድ የሚባለው የአባቷ ማሳ አንድ ተኩል ሆኖ ቁጭ አለ። ሲሃም ደብተሯን ዘጋችው።

ለምን እንደዘጋችው ገባኝ። አባቷ ጋሽ አብዱልመጂድ የውሃ አባት ናቸው፤ ቦዩ ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ሰዓት እንደሚከፈት የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ለግማሽ ጥማድ በሳምንት አንድ ሰዓት ውሃ ይደርሳል። ማሳው ለውሃ ተራ ከተመዘገበ ወዲህ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አገሩ ሐቀኛ እያለ ሲጠራቸው ኖሯል። አሁን በልጃቸው ደብተር ላይ እሳቸው በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ትርፍ ይወስዳሉ፣ ባል የሞተባቸው እትዬ ናፊሳ ደግሞ አንድ ሰዓት ይጎድልባቸዋል። የሴትዮዋ ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ መሆኑ ከቆምንበት ይታያል።

"ቲቸር፣ ልሰርዘው?" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ሰርዢው" ልላት ምንም አልቀረኝም። ጋሽ አብዱልመጂድ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም ናቸውና የአቶ ካሳሁን ካርቶን ፊቴ ድቅን አለ። "ደብተሩ ያንቺ ነው" አልኳት። የፈሪ መልስ ነው፤ እስካሁን አፍርበታለሁ።

ሲሃም ደብተሯን መልሳ ከፈተችው። ከዚያ አካፋቸውን ይዘው የራሳቸውን ማሳ ውሃ ወደሚያጠጡት አባቷ ሄደች።

"አባ፣ የኛ ማሳ ሁለት ጥማድ አይደለም። አንድ ተኩል ነው። የእትዬ ናፊሳ ደግሞ ሙሉ ጥማድ ነው።"

ሲስቁ የነበሩት ገበሬዎች ወደ እነሱ ተጠጉ።

"ማን አለ? ይሄ ስልክ?"

"ስልኩን ይተዉት። በገመድ ለክቼዋለሁ።"

"እንግዲያው እኔ ፊት ለኪው" አሉና የገመዱን አንድ ጫፍ ራሳቸው ያዙ። አባትና ልጅ ሁለቱንም ማሳዎች ዞሩ። ሲሃም ድምጿን ከፍ አድርጋ ስታሰላ እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተሏታል። ያው መጣ።

ነገር ላብርድ ብዬ "መጀመሪያ ሲመዘገብ በምን ነበር የተለካው?" አልኩ።

"በምን ይለካል፣ በበሬ ነዋ!" አሉ ጋሽ አብዱልመጂድ። "አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው ጥማድ።"

እትዬ ናፊሳ ከሽንኩርታቸው መሀል ቀና አሉ። "የሙዐዊያ በሬዎች!" ብለው አፋቸውን ያዙ። ሙዐዊያ ሟች ባላቸው ናቸው። "አላህ ይዘንለትና፣ ከዙሁር ሶላት በፊት፣ ገና ቀትር ሳይሆን ጨርሼ ገባሁ እያለ ሲፎክር! ግማሽ ቀን ነው የፈጀብኝ ብሎ ያስጻፈው እሱ ራሱ ነው!"

"የኔዎቹ ደግሞ ያን ዓመት አርጅተው ነበር" አሉ ጋሽ አብዱልመጂድ። "ሁለት ቀን ሙሉ ሲያዘግሙ ነው የዋሉት።"

አገር በሳቅ ፈረሰ። አሥራ ሁለት ዓመት ጎበዝ በሬ ያለው ውሃ ሲጠማ፣ ሰነፍ በሬ ያለው ሲጠጣ ኖሯል። እትዬ ናፊሳም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጋሽ አብዱልመጂድም ሳቁ። ከዚያ ዞር ብለው ያንን ቢጫ ሽንኩርት አዩት፤ ሳቃቸው ቆመ።

"ሲሃም" አሉ፣ "በሳምንት አንድ ሰዓት። አሥራ ሁለት ዓመት። ስንት ነው?"

የሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚሠራው ማባዛት ነው። ሲሃም አባቷን አየቻቸው። እርሳሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"አልችልም፣ አባ" አለች።

እሳቸውም አልደገሙም። አካፋቸውን አነሱና፣ ተራቸው ሊያልቅ ገና አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ የማሳቸውን የውሃ መግቢያ በጭቃ ደፍነው ውሃውን ወደ እትዬ ናፊሳ ለቀቁት። በየመደቡ መሀል ሲገባ ሁላችንም ቆመን አየን።

"መምህርት" አሉኝ ስንለያይ፣ "የቀረውንም ማሳ ለኩልን። ስልኩንም ይዛችሁ ኑ።"

ሰኞ ውጤት ስሞላ ለሲሃም ከአሥር አሥር ሰጠኋት። የአባቷን የመጨረሻ ጥያቄ አለመመለሷንም ትክክል ብዬ ነው የቆጠርኩት።